በሕማማት የማይፈታ ግዝት

አባቴ ቄስ ነበሩ፤ በቃላቸው ቀልድ የለም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ስለ ግዝት ባወራሁ ቁጥር የከተማ ሰው ፊቱን ዞር አድርጎ ስለሚስቅብኝ ነው። ይሳቅ። ከዳባት በላይ፣ ገደሉን ተጠግቶ ባለው መንደራችን ሁለት ሰዎች በድንበር ተጣልተው ዱላ ሲማዘዙ አባቴ መስቀላቸውን ይዘው መሐል ይገቡና፣ "በተሰጠኝ ሥልጣን ገዝቻችኋለሁ፤ ከዚች ድንጋይ ወዲህ እንዳታልፉ" ይሏቸዋል። አለቀ። ድንጋይዋ ግልገል የምትዘላት ብትሆንም የሚያልፍ የለም። የፍርድ ቤት ውሳኔ ከምንም የማይቆጥር ሰው ብዙ አይቻለሁ፤ ግዝት አፍርሶ በሰላም የኖረ ግን አላየሁም። የታሰረውን የሚፈታው ያው ያሰረው ቄስ ነው፤ እሱ ከሌለ ጳጳስ ይፈታዋል ይባላል።

እኔን የገዘቱኝ ዘጠናዎቹ እንደገቡ፣ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ሳለሁ ነው። ደባርቅ ቤት ተከራይቼ እማር ነበር፤ ቅዳሜ አገር ቤት እሄድና እሑድ ስንቄን ተሸክሜ እመለሳለሁ። ከመንደራችን እዚያ ክፍል የደረሰች ሴት እኔ ብቻ ነበርኩ፤ የሆነውም የአባቴ ወንድሞች ወደውት አይደለም። በየበዓሉ እየመጡ "ይቺን ልጅ መቼ ነው የምንድራት?" ይላሉ። አባቴ ደግሞ "ማትሪክ ካለፈች ዩኒቨርሲቲ ትገባለች። ከወደቀች ያኔ ኑ" ብለው ይመልሷቸዋል። እንግዲህ ነገሩ ግልጽ ነው። ካለፍኩ የራሴ ሰው ነኝ፤ ከወደቅኩ ደግሞ በአጎራባች መንደር ያለ፣ ስለ በሬዎቹ ካልሆነ በቀር ወሬ የማያውቅ ሰው ሚስት እሆናለሁ።

አባቴ መጽሐፍ ይወዱ ነበር። እሑድ ከቅዳሴ መልስ የትምህርት ቤት መጽሐፌን ከእንግሊዝኛው እየመለስኩ አነብላቸዋለሁ። ስለ ደም ዝውውር ሳነብላቸው የእጃቸውን ደም ሥር በጣታቸው እየተከተሉ "ድንቅ ነው፣ ድንቅ ነው" ይሉ ነበር። ስለ ወባ የሰሙ ዕለትማ፣ አዲ አርቃይ ቆላ ወርደው የቀሩትን ዘመዶቻችንን አንድ በአንድ እየጠሩ "ለካ በዚች ትንኝ ነው የተበላነው" ብለው በጣም አዘኑ። አባቴ ትምህርት የሚጠሉ ሰው አልነበሩም፤ እንደዚያ አድርጎ የሚያወራባቸው ሰው ቢመጣ ዛሬም እጣላዋለሁ።

የባዮሎጂ አስተማሪያችን ከጎጃም የመጣ ወጣት ነበር፤ አንገቱ ላይ ማተብ አለ። ስለ ዝግመተ ለውጥ የሚናገረው ምዕራፍ ሲደርስ ጠመኔውን እንደያዘ፣ "ይህን ለፈተና ብላችሁ ያዙት፤ እምነታችሁ የራሳችሁ ነው" አለን። ይቺ አነጋገር በየትምህርት ቤቱ የታወቀች ናት። አስተማሪው ይላታል፣ ተማሪው ራሱን ይነቀንቃል፣ ፈተናው ያልፋል፣ ከዚያ ሁሉም ረስቶት በማግስቱ ቤተ ክርስቲያን ይሳለማል። ከኋላ የተቀመጠ አንዱ "ቲቸር፣ ጭላዳ አጎታችን ነው ማለት ነው?" አለና ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። አስተማሪው ግን ኮስተር ብሎ "አጎትህ አይደለም፤ የሩቅ ዘመድህ ነው ነው የሚሉት" ሲለው ሳቁ ባሰ። እኛ ጭላዳ ዝንጀሮን የምናውቀው ገብሱ ሲያሽት ከገደሉ ተግተልትሎ እየወጣ ሲጨርሰን ነው። በእኛ አገር የጭላዳ ዘመድ ነህ ማለት የሌባ ዘር ነህ ከማለት አይለይም።

በዚያው ሳምንት እሑድ አባቴ "ምን ላይ ደረሳችሁ?" አሉኝ። አባቴን መዋሸት አይታሰብም፤ አነበብኩላቸው። ሰምተው ሲያበቁ ጠየቁኝ።

"ይህን ማመን ግድ ነው?"

"ግድ አይደለም አባየ። ለፈተና መጻፍ ብቻ ነው።"

የባሰው ይኸ ሆነ። ምዕራፉ እንዲያ አላስቆጣቸውም ነበር።

"ያላመንሽበትን እውነት ነው ብለሽ ልትጽፊ?"

"ሁሉም እንዲያ ነው የሚያደርገው።"

ብድግ ብለው መስቀላቸውን አወጡ። "የሰው ልጅ ከእንስሳ መጣ ብለሽ በገዛ እጅሽ እንዳትጽፊ ገዝቼሻለሁ" አሉኝ።

እናቴ ከጓዳ ብቅ ብላ "ኧረ እርስዎ፣ ልጅቱ እኮ ተማሪ ናት" አለቻቸው። "ተማሪ ስለሆነች ነው" አሉና መስቀሉን ወደ እኔ ዘረጉት። ተሳለምኩ፤ ሌላ ምን ይደረጋል? በዚያች ሰዓት ግን አባቴን ጠላኋቸው። ለትምህርቴ ከወንድሞቻቸው ጋር የተጣሉልኝ ሰው ራሳቸው መንገዴን ዘጉብኝ።

ክፍል ውስጥ አስተማሪው በዚያ ምዕራፍ አጭር ፈተና ሲሰጠን ወረቀቱን ባዶውን መለስኩ። ጠርቶ ለምን እንደሆነ ሲጠይቀኝ "ተገዝቻለሁ" አልኩት። ይስቃል ብዬ ነበር፤ እሱም ግን የቄስ አገር ልጅ ነው፤ ነገሩ ገባው። ማትሪክ ላይ ከዚያ ምዕራፍ ብዙ እንደሚወጣ፣ እኔም ሒሳቤ ደካማ ስለሆነ ያለ ባዮሎጂ እንደማላልፍ ከእኔ ይልቅ እሱ ያውቅ ነበር። "አባትሽን አነጋግራቸዋለሁ" አለኝ። እንዳሰበው አልሆነለትም፤ አንዴ ሥራ፣ አንዴ መኪና እያጣ ሲዘገይ ከርሞ የሆሳዕና ማግስት፣ ሰኞ፣ አይሱዙ ላይ ተሳፍረን ዳባት ወረድንና ሽቅብ በእግራችን ወጣን።

አባቴ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ደጃፉ ላይ ተቀምጠው ነበር። ጾሙ አክስቷቸዋል። አስተማሪው ጎንበስ ብሎ እጅ ከነሣ በኋላ የመጣበትን ተናገረ።

"አንተ ታምንበታለህ?" አሉት።

"መምህር ነኝ አባ። የታዘዝኩትን አስተምራለሁ።"

"እሱን አልጠየቅሁህም።"

አስተማሪው መሬት መሬት እያየ "አንዳንዱን አምናለሁ፤ አንዳንዱን እንጃ" አላቸው።

"አየህ፣ ይህ ይሻላል። ልጆቹ ፊት እንደዚህ ብትል ምን ነበረበት? አንተ ግን ለፈተና ብላችሁ ዋሹ ነው ያልካቸው።"

ፊቱ ቀላ። እኔም አፈርኩለት። ከዚያ ግን ቀና ብሎ፣ "አባ፣ እርስዎ ለዳኝነት ሲቀመጡ፣ እገሌ እንዲህ ብሎ ሰማሁት የሚል ምስክር ይመጣል። እገሌ የተናገረው ሐሰት ሆኖ ቢገኝ ምስክሩ ዋሸ ይባላል?" አላቸው።

"አይባልም።"

"ፈተናው እኮ አንቺ ምን ታምኛለሽ አይላትም። የሳይንስ ሰዎች ምን ይላሉ ነው የሚላት። እሷ ምስክር ናት እንጂ ተናጋሪ አይደለችም።"

አባቴ ጭራቸውን ከወዲህ ወዲያ እያደረጉ ብዙ አሰቡ። "ይህስ ያስኬዳል" አሉ በመጨረሻ። "መጀመሪያውኑ እንዲህ ብለህ ብታስተምራቸው እዚህ ድረስ ባልደከምክ።" እኔ ወዲያው ተንበርክኬ ራሴን ዝቅ አደረግሁ። አባቴ ግን እጃቸውን አልዘረጉም።

"ዛሬማ አይሆንም ልጄ፤ ሕማማት ገብቷል። በሕማማት መስቀል አንሳለምም፣ ማንም አይናዘዝ፣ ማንም አይፈታ። እሑድ ፋሲካ ነው፤ ያኔ እፈታሻለሁ።"

እውነታቸውን ነው፤ ሥርዓቱ እንዲያ ነው። ያ ሳምንት የኀዘን ሳምንት ስለሆነ ቄስ "ይፍታሽ" አይልም። የሞተ ሰው እንኳ ያለ ጸሎተ ፍትሐት ነው የሚቀበረው፤ በሳምንቱ ለሚሞተው ሁሉ በሆሳዕና ዕለት አስቀድሞ ይጸለይለታል። አባቴም በዋዜማው፣ በሆሳዕና፣ ቆመው ያንን ጸሎት አድርሰው ነበር። ጥቂት ቀን ምን አላት ብለን አስተማሪውና እኔ እየተሳሳቅን ቁልቁለቱን ወረድን። ከዚያ ወዲያ ብዙ ጊዜ እንደዚያ አልሳቅሁም።

ዓርብ፣ በስቅለት ዕለት፣ ከመንደር የተላከ ሰው ደባርቅ መጥቶ "አባትሽ አሟቸዋል፤ ነይ ብለውሻል" አለኝ። በእኛ አገር እንዲህ ተብሎ ሲላክ ምን ማለት እንደሆነ የማያውቅ የለም። ሐሙስ በስግደት ላይ ሳሉ ደረታቸውን ይዘው ወድቀው፣ ተሸክመዋቸው ቤት ገብተው፣ ዓርብ ሳይነጋ አርፈው ነበር። ዕድሜያቸውን ሙሉ ለአገሬው ሙት ሁሉ ፍትሐት ሲያደርሱ የኖሩ ሰው ያለ ዕጣን፣ ያለ ዜማ አፈር ተመለሰባቸው። ጓደኞቻቸው ካህናት እጃቸውን አጣጥፈው እያለቀሱ ቆመው ያዩ ነበር። እኔ በዚያ ሁሉ መሐል "አባቴ" እያልኩ ስጮኽ ግማሹ ልቤ "ግዝቴስ?" ይል ነበር። ይህም ያናድደኛል፤ በአባቴ ቀብር እንኳ ጠግቤ እንዳላለቅስ ተደረግሁ።

ከፋሲካ በኋላ የአባቴም የእኛም የንስሐ አባት ወደሆኑት ሽማግሌ ቄስ ከእናቴ ጋር ሄድን። ነገሩን ከሥር ከመሠረቱ ነገርኳቸው። "እፈታታለሁ ማለታቸውን አምንሻለሁ" አሉኝ። "እፈታለሁ እና ፈታሁ ግን አንድ አይደሉም። ያን ሌሊት በጣር ላይ ሳሉ ፈትቻታለሁ ብለው ከሆነና የሰማ ካለ፣ ሕማማትም ቢሆን እኔ እቀበለዋለሁ፤ በሞት አፋፍ ያለ ሰው ቃል አይጣልም።" ከዚያ ወደ እናቴ ዞረው "አጠገባቸው የነበርሽው አንቺ ነሽ። ያሉሽ ነገር አለ?" አሏት።

እናቴ ነጠላዋን ወደ አፏ ሰብስባ "ምንም አላሉኝ አባ" አለች።

"እንግዲያው ጳጳስ ነው የሚፈታሽ" አሉኝ ሽማግሌው። ጎንደር ድረስ ሄድኩ። ጳጳሱ ለሲኖዶስ አዲስ አበባ ገብተዋል፣ መቼ እንደሚመለሱ አይታወቅም ተባልኩ። ፈተናው ደግሞ ደርሷል።

አስተማሪው ሊያስረዳኝ ብዙ ደከመ። መልስ መስጫው ላይ ክበብ ማጥቆር መጻፍ አይባልም አለኝ፤ አባትሽ በልባቸው ፈትተውሻል አለኝ። እኔም ለራሴ ያላልኩት የለም። አባቴ በሕይወት ቢኖሩ እኮ እምቢ ብያቸው፣ ተቆጥተውኝ፣ ሽማግሌ ገብቶ ታርቀን ነበር። ከሞተ ሰው ጋር ግን በማን በኩል ይታረቁታል? ያለ ፍትሐት የተቀበሩትን አባቴን፣ ቃላቸውንም ረግጬ ልጨምርባቸው? እጄ እምቢ አለ። የባዮሎጂው ፈተና ቀን ጥያቄዎቹ መጡ፤ አንድ ሁለት አልነበሩም። ሁሉንም አውቃቸዋለሁ። እርሳሱን እንደያዝኩ አንብቤያቸው፣ መልሱን በዓይኔ አይቼው፣ ባዶ ትቻቸው ወጣሁ። አስተማሪው ከአጥሩ ውጭ ቆሞ ይጠብቀኝ ነበር፤ ፊቴን አየና ምንም ሳይጠይቀኝ ሄደ።

ለጥቂት ወደቅኩ። አጎቶቼ ተሰብስበው መጡ፤ "ከወደቀች ያኔ ኑ" የተባሉት እነሱ ናቸውና ማን ይከለክላቸዋል? በጥር ተዳርኩ። ባሌ ክፉ ሰው አልነበረም፤ እውነትም ስለ በሬዎቹ ብቻ ነበር የሚያወራው። ቤታችን ከእናቴ ቤት በጩኸት የሚያሰማማ ነው። በየቀኑ ትመጣለች፤ ልጆቼን ታቅፋለች፣ ከእኔ ጋር ታርማለች፣ ታጭዳለች። ሰው "የታደለች እናት" ይላታል። እኔም እንደዚያው እል ነበር።

ልጆቼ ከፍ ካሉ በኋላ ነው፤ በክረምት፣ ገብስ ስናርም። ልጄ መጽሐፏን ይዛ መጥታ ስለ ትምህርቷ ስታወራን ቆይታ ወደ ቤት ገባች። እናቴ ከኋላዋ እያየቻት አረሙን ከእጇ ጣለች።

"አባትሽ ያን ሌሊት ተናግረዋል" አለችኝ።

ወዲያው አልገባኝም። "ምን ብለው?"

"ፋሲካን አልደርስም፤ ፈትቻታለሁ በያት። ሂዳ ትጻፍ አሉ። አጥርተው ነው የተናገሩት።"

እዚያው ጭቃው ላይ ተቀመጥኩ።  እንባዋ እየፈሰሰ ነበር፤ እኔ ግን ላዝንላት አልቻልኩም። እሳቸው ሞተው አንቺም ብትሄጂ ብቻዬን በዚያ ቤት ምን እሆናለሁ ብዬ ነው አለችኝ። ሽማግሌው ቄስ ፊት ስትዋሽ ምላሷ እንዴት እንደታጠፈላት ልጠይቃት ፈልጌ ነበር፤ ከአፌ የወጣው ግን ሌላ ሆነ።

"አልፍ ነበር እኮ፣ እማየ" አልኳት።

"አውቃለሁ" አለችኝ። "እንደምታልፊ ስላወቅሁ ነው።"