የጋሽ ሀሚዱ የጆሮ ድንጋይ

ሐይቅ ከተማ፣ ከመናኸሪያው ዝቅ ብሎ ባለች ሱቅ ውስጥ አሥራ አራት ዓመት ድንጋይ ሸጫለሁ። የግንብ ድንጋይ አይደለም፤ የባትሪና የራዲዮ ድንጋይ ነው። ሳሙናም፣ ሻማም፣ የስልክ ካርድም እሸጣለሁ፤ ሰው የሚያውቀኝ ግን በድንጋይ ነው። በእነዚህ ዓመታት ሁሉ ሱቄ ገብታ "ዕቃህ አይረባም" ብላ ፊት ለፊት የነገረችኝ አንዲት ሰው ብቻ ናት፤ ጎረቤቴ ረቢያ። አጥራችን አንድ ነው። ስለ እሷ ስጽፍ ራሴን ላሳምር ብል አጥሩ ላይ ቆማ ትስቅብኛለች፣ ስለዚህ የሆነውን እንደሆነው እናገራለሁ።

ረቢያ ኩዌት ዘጠኝ ዓመት ሠርታ የተመለሰችው ለውጥ መጣ በተባለበት በ2010 ነው። ያን ጊዜ ሰው ሁሉ ተስፋ በተስፋ ነበር። ከዓረብ አገር የተመለሰ ወይ ባጃጅ ይገዛል፣ ወይ ቤት ይሠራል። እሷ ግን ከሁሉ በፊት ለአባቷ ለጋሽ ሀሚዱ የጆሮ መስሚያ ይዛ መጣች። ጋሽ ሀሚዱ ከሐይቁ ዳር ባቄላና ሽንኩርት የሚያለሙ ገበሬ ናቸው፤ ጆሯቸው ከከዳቸው ቆይቷል። መስጊድ ውስጥ ሰው ሁሉ ከሱጁድ ተነስቶ እሳቸው ብቻቸውን ተደፍተው ይቀራሉ። መንገድ ላይ ባጃጅ ከኋላቸው ጡሩንባ እየነፋ እሳቸው መሀል መሀሉን በዝግታ ይሄዳሉ። የሰፈሩ ሰው ለምዶት ነበር። ረቢያ ግን "አባቴ በሕይወት እያሉ እንደሌሉ አይቆጠሩም" ብላ አሻፈረኝ አለች።

መስሚያው የክብሪት ሳጥን ቢያክል ነው። ደረት ኪስ ውስጥ ይገባል፣ ሽቦው ወደ ጆሮ ይወጣል፣ አንድ ቀጭን ድንጋይ ይጎርሳል። ከእኔ ሱቅ የሚገዛው ድንጋይ አራት ቀን ከቆየ ብዙ ነው። በአምስተኛው ቀን ጋሽ ሀሚዱ እንደገና ይደነቁራሉ፣ ረቢያም እንደገና ትመጣለች። ለእኔ መልካም ሲሳይ ነበር። ሁለት ወር ከተመላለሰች በኋላ አንድ ቀን ከመደርደሪያው ፊት ቆመችና፣

"ሰላሀዲን፣ እየተሞላ የሚሠራ ድንጋይ የለህም?" አለችኝ።

ነበረኝ። ወርቅማ ሽፋን ያላቸው አራት ድንጋዮች ከነመሙያቸው። ላያቸው ላይ 9900 የሚል ቁጥር ተጽፏል፤ የሚይዙትን ጉልበት መናገሩ ነው። ጣቴን ቁጥሩ ላይ አድርጌ "ይህ ለልጅ ልጅ ይተርፋል" አልኳት። ረቢያ አንዱን አውጥታ በመዳፏ ያዘች፤ ከቦርሳዋ ደግሞ ከኩዌት ያመጣችውን አንድ አሮጌ የሚሞላ ድንጋይ አወጣች። ሁለቱን በሁለት እጄ አስያዘችኝ። መጠናቸው አንድ ነው። የእሷ ግን ይከብዳል፤ የእኔ እፍ ቢሉት የሚሄድ ነው።

"የሠራሁበት ቤት የልጆቹን መጫወቻ ድንጋይ ሁሉ የምሞላ እኔ ነበርሁ" አለች። "በዚህ መጠን ያለ ድንጋይ የሚይዘው ሁለት ሺህ፣ ቢበዛ ሁለት ሺህ አምስት መቶ ነው። ዘጠኝ ሺህ የሚለው ይዋሻል። እኔ ሁለት ሺህ ብሎ እውነቱን የጻፈውን ነው የምፈልግ።"

መሙያዬንም አልማረችው። "ይህ ሁለት ሁለት ካልሆነ አይሞላ፣ ከሞላም በኋላ አያቆም፤ ድንጋዩን ይቀቅለዋል። ለእያንዳንዱ ድንጋይ የየራሱ መብራት ያለው፣ ሲጠግብ ራሱ የሚያቆም፣ ደግሞም በስልክ ገመድ የሚሠራ ካለህ አምጣ።"

"ኧረ እቴ፣ ለአንድ ሽማግሌ ጆሮ ይህ ሁሉ?" አልኳት።

"ለአንድ ሽማግሌ ጆሮ ይህ ሁሉ" አለችና ወጣች።

ተናደድኩ። ሱቁ ውስጥ ሌሎች ሰዎችም ስለነበሩ አፈርኩ። እውነቱን ለመናገር ዕቃው እንደሚዋሽ አላውቅም ነበር፤ ለማወቅም አልፈለግሁም። ደንበኛ የሰጡትን ተቀብሎ መሄድ አለበት ብዬ የማምን ሰው ነበርሁ።

ረቢያ ደሴ ሄዳ ሦስት ሱቅ ዞረች፤ ያው ወርቅማ ሽፋን፣ ያው ትልልቅ ቁጥር። ሰው ሁሉ "ያለውን ወስደሽ ተገላገይ" ይላታል። አልወሰደችም። በመጨረሻ ኩዌት የቀረችው ጓደኛዋ ሂዳያ፣ ወደ አገር በሚመለስ ሰው እጅ አራት ነጫጭ ድንጋዮችና አንድ መሙያ ላከችላት። ድንጋዮቹ ላይ 2000 ይላል። ተሞልተው ሳጥን ውስጥ ወራት ቢቀመጡ እንኳ ጉልበታቸው አይሸሽም፤ እሷ የፈለገችውም ይህን ጠባይ ጭምር ነበር። ጋሽ ሀሚዱ ከዚያ ወዲህ ከሰጋጆች እኩል መነሳት ጀመሩ።

ታዲያ እኛ አገር ድንጋይ ሲደክም ምን እንደሚደረግ ሁሉም ያውቃል። በጥርስ ነከስ ነከስ ይደረግና ፀሐይ ላይ ይሰጣል። ትንሽ ነፍስ ይዘራል፣ ራዲዮኑ ዜናውን አንብቦ ይጨርሳል። ጋሽ ሀሚዱም ልጃቸውን ላለማስቸገር ብለው ከአራቱ የደከሙትን ሁለት ድንጋዮች አጥብቀው ነከሷቸውና በቀትር ቆርቆሮ ላይ አሰጧቸው። ረቢያ ከገበያ ተመልሳ መሙያው ውስጥ ስትከታቸው መብራቱ ብልጭ ድርግም ብሎ እምቢ አለ። ሁለቱም ሞተዋል።

"አባ፣ ምን አደረጓቸው?" ስትል በአጥሩ በኩል ሰማሁ።

"ፀሐይ አስመታኋቸዋ" አሉ ጋሽ ሀሚዱ። "ድንጋይን ከፀሐይ ሌላ ምን ያድነዋል?"

እኔ በወዲህ በኩል ሆዴን ይዤ ሳቅሁ። ያን ሁሉ ምርጫዋን አባቷ በጥርሳቸው ጨረሱላት ብዬ ደስም ብሎኝ ነበር፤ አላህ ይቅር ይበለኝ። ረቢያ ግን "ፀሐዩስ ልክ ነው አባ። ድንጋዩን ነው ማስጣት የሌለብን" አለቻቸው። በሳምንቱ የደብተር ስፋት ያላት ሶላር ገዝታ ቆርቆሮው ላይ አሰረችና የመሙያውን ገመድ ከእሷ ጋር አገናኘች። መብራት እያለ ሶላር ምን ይሠራል ብሎ ሰፈሩ ተሳለቀባት። እኔም የኩዌት ፀሐይ አናቷን መትቷታል እያልሁ ለደንበኛ አወራ ነበር።

በ2014 ጥቅምት ጦርነቱ በውጫሌ በኩል ወርዶ እኛ ዘንድ ደረሰ። መብራት ጠፋ፣ ኔትወርክ ጠፋ። ሰው ልጁን አዝሎ ወደ ደሴ፣ ከደሴም ወደ ኮምቦልቻ ሸሸ። እኔ ሚስቴንና ልጆቼን አስቀድሜ ልኬ ሱቄን ልጠብቅ ቀረሁ። ሱቁ በሁለተኛው ቀን ተሰብሮ ባዶውን ተገኘ። ጋሽ ሀሚዱ ያን ሁሉ መንገድ በእግር አይችሉትም፤ ረቢያም ትታቸው አትሄድም። ስለዚህ ሦስታችን በእነ ረቢያ ግቢ ከረምን።

ገበያ አልነበረም። የምንበላው ከሐይቁ ዳር ከጋሽ ሀሚዱ ማሳ የሚመጣውን ብቻ ነው። ወደ ማሳው ሲኬድ ደግሞ የታጣቂዎች ኬላ አለ። እኔን ካዩ ይጠረጥሩኛል፣ ሴት ብቻዋን ያን መንገድ አትወጣም፤ የሚያሳልፉት ሽማግሌ ነው። በዚያው ሰሞን በውጫሌ መንገድ አንድ ሰው ቁም ሲባል ሳይቆም ተመታ የሚል ወሬ መጣ። ጆሮው ይስማ አይስማ የሚያውቅ አልነበረም።

ረቢያ ይህን ከሰማች ወዲህ እንቅልፍ አልነበራትም። የቀሩት ሁለት ድንጋዮች ናቸው፤ አንዱ ጋሽ ሀሚዱ ኪስ ውስጥ ይውላል፣ ሌላው ሶላሩ ላይ ይሞላል። በየጠዋቱ ከመውጣታቸው በፊት ከኋላቸው ሆና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ "ቁም" ትላቸዋለች። ለአባት ቁም ማለት ነውር ነው፤ ግን ታጣቂ ይቁሙ አይልም። ከቆሙ ይሄዳሉ። አንድ ቀን አልቆሙም፤ ሽቦው ላልቶ ኖሯል። እስክታጠብቀው ድረስ በሩን ይዛ አላስወጣም አለች። ያን ቀን ከጋሽ ሀሚዱ ይልቅ እኔ ነበርሁ የፈራሁት።

እንዲህ እያልን ሳምንታት ካለፉ በኋላ፣ አንድ ረፋድ ላይ ሁለት ታጣቂዎች በሩን ገፍተው ገቡ። ጋሽ ሀሚዱ ጀርባቸውን ለበሩ ሰጥተው ጥላው ሥር የባቄላ እሸት ይፈለፍላሉ። አንደኛው ታጣቂ ወደ ጣሪያው አየና "ያን ሶላር አውርጂው፣ ለስልካችን እንፈልገዋለን" አላት።

"አላወርድም" አለች ረቢያ።

ሰውየው የሰማ አልመሰለውም። "አውርጂ ነው የምልሽ።"

"አላወርድም ወንድሜ። ድስቱን ውሰድ፣ ብርድ ልብሱን ውሰድ። እሱ ከወረደ የአባቴ መስሚያ ይዘጋል። ነገ ኬላው ላይ ቁም ስትሏቸው አይሰሙም፣ ትገድሏቸዋላችሁ። መግደላችሁ ካልቀረ እዚሁ ፊቴ ይሁን እንጂ ደንቁረው አልልካቸውም።"

ታጣቂው ጠመንጃውን ከትከሻው አወረደ። ከረቢያ ጀርባ ተጠግቼ በሹክሹክታ "ስጪው እቴ፣ ስጪው፣ ነፍስ ይበልጣል" አልኳት። ዞራም አላየችኝ። ሶላሩ ካለበት ጣሪያ ሥር፣ ከቤቱ ደረጃ ፊት እንደ ቆመች ናት፤ እግሯ አልተነቃነቀም።

ታጣቂው ወደ ጓደኛው ዞሮ ዝቅ ባለ ድምፅ "ይህ ሽማግሌ ደግሞ ሰምቶ ምን ሊያተርፍ ነው?" አለው።

ጋሽ ሀሚዱ ከባቄላቸው ቀና ሳይሉ "አንተን ልሰማ ነዋ፣ ልጄ" አሉ። "ነገ ቁም ስትለኝ እንድቆምልህ።"

ጓደኛው መሬት መሬት አየ። ጠመንጃውን ያወረደው ሰውዬ የጋሽ ሀሚዱን ጀርባ፣ ከኪሳቸው ወደ ጆሯቸው የወጣውን ሽቦ ትንሽ ተመለከተ። ከዚያ ወደ እኔ መጥቶ እጁን ዘረጋና "ስልክህን" አለኝ። ሰጠሁት። በመጡበት ወጡ።

ረቢያ እዚያው ደረጃው ላይ ተቀመጠች። እኔ ደግሞ ምላሴ ተፈታልኝና አላህን አመስግኜ፣ ስንት ነገር አልፈን ይህን ማለፋችን፣ አብረን መጽናታችን እያልሁ ማውራት ያዝኩ። አብረን አልኩ፣ ወላሂ።

"ሰላሀዲን" አሉኝ ጋሽ ሀሚዱ።

"አቤት ጋሼ።"

"ስጪው ስትላት ሰምቼሃለሁ።"

አልካድኩም፤ ቢክዱትም የማይሆን ነው። ጋሽ ሀሚዱ የባቄላውን ሰፌድ ወደ እኔ ገፋ አደረጉት።

"ና ቁጭ በልና ፈልፍል" አሉ። "እሷ ትረፍ።"