የቡሩልቻ በረት ሙቀት

ቡሩልቻ ሳትቆጣ የዋለችበትን ቀን ማስታወስ በኪርጊዝስታን ተራሮች ለምንኖር ለኛ ለአት-ባሺ ሰዎች ይቸግረናል። በሶቪየቱ የጋራ እርሻ ዘመን፣ ላም አላቢ ሳለች፣ ኃላፊዋን በወተት ባልዲ መትታዋለች ይባላል። ስንጠይቃት «ባልዲው ባዶ ነበር» አለች።

ባለፈው መስከረም ጃንቦሎት የሚባል ከተሜ መጣና ቢትኮይን የሚያመርቱ ኮምፒውተሮቹን ከበረቷ ጋር በተያያዘው መጋዘኗ ደረደረ። እዚያው ያድራል። ኪራይ አልጠየቀችውም። ማሽኖቹ ቀን ከሌት የሚተፉትን ትኩስ አየር በቆርቆሮ ቱቦ ወደ በረቷ እንዲለቅላት ብቻ ነበር የፈለገችው፤ በጎቿ የሚወልዱት በረዶው ሳይለቅ ነው። ዳቦ ቆርሰው ተስማሙ። እሷም ተማምናበት ዘንድሮ ኩበት አላከማቸችም።

መጋቢት ላይ ሦስት ግልገሎች ተወለዱ። በማግስቱ ጠዋት ስትገባ በረቱ ቀዝቅዟል፤ አንዱ ግልገል ደርቆ ተጋድሟል። ወጥታ አየች። ቱቦው ወደ ጎረቤቷ የቲማቲም ማብቀያ ላስቲክ ቤት ዞሯል።

ጃንቦሎትን በእግሯ ቀሰቀሰችው።

«ሙቀቴን የት ወሰድከው?»

«አፓ፣ እናቴ፣ ሰውዬው ይከፍለኛል። እርስዎ አይከፍሉም።»

«መጋዘኔ ውስጥ ተጋድመህ?»

«ውል አልተፈራረምንም እኮ።»

«ዳቦ ቆርሰን የለ!»

«በዳቦ ማን ተከሶ ያውቃል?»

«የቆረስከው ዳቦ አንጀትህን ይቁረጠው!»

ሂሳቡን እሱ ይክፈል እንጂ መብራቱ የሚያልፈው በእሷ ቆጣሪ ነው። ወጥታ ብሬከሩን አወረደችው። የበረዶውን ወራት ሙሉ መንደሩን ያደነቆረው የማራገቢያ ጩኸት ቀጥ አለ። ጃንቦሎት በካልሲው በረዶው ላይ ወጣ።

«ምን አደረጉ! በየደቂቃው ስንት እንደምከስር ያውቃሉ?»

«የኔን ኪሳራ ያዝ» ብላ የሞተውን ግልገል አስታቀፈችው። «ቱቦውን አዙር።»

«መጀመሪያ መብራቱን ያብሩልኝ።»

«መጀመሪያ ቱቦውን!»

ጎረቤቶች ተሰብስበን ነበር። አንዱ «ፍጠን እንጂ ወንድሜ፣ ካልሲህንም ታደርቅበታለህ» አለው። ማንም ሊያግዘው አልተነሳም። ቱቦውን በባዶ እጁ ነቅሎ ወደ በረቱ እስኪመልሰው ድረስ ብሬከሩን አልነካችም።

ሁለተኛው ግልገል ከሰዓት በኋላ ሞተ። ሦስተኛው ግን ቱቦው አፍ ሥር ተኝቶ ቆየና፣ እየተንገዳገደ ተነስቶ ጡት ያዘ። ቡሩልቻ ጭድ ላይ ተቀምጣ ታየዋለች። ጃንቦሎት የበረቱን በር ገርበብ አድርጎ ቆመ።

«ዝጋው! ሙቀቱ ይወጣል።»

«ገብቼ ልዝጋው?»

«ከውጭ!»