የጎረቤት ቆጮ

እኔ ትምህርት ቤት ገብቼ አላውቅም። ፊደል የለየሁት ስኳር በሚጠቀለልበት አሮጌ ጋዜጣ ላይ ነው፤ ቋንቋ የተማርኩት ደግሞ ከጊምቢቹ እስከ ሙዱላ ገበያ ለገበያ እህል ስነግድ። በሀዲይኛ፣ በከምባትኛ፣ በአማርኛና በኦሮምኛ እነግዳለሁ፣ እቀልዳለሁ፣ የተጣላ አስታርቃለሁ። ስለዚህ ተፈናቃዮችን የሚያቋቁም አንድ ድርጅት ፕሮግራሙን ለመገምገም ሆሳዕና ሲመጣ፣ ዲፕሎማ የያዙትን ሁሉ አልፎ ለአስተርጓሚነት የእኔን በር ማንኳኳቱ አልገረመኝም። የከበደኝ ሌላው ነው። በዚህ ዕድሜ ቤት ለቤት እየዞሩ አንድ ዓይነት ጥያቄ መጠየቅ ጆንያ ከመሸከም የባሰ ያደክማል።

የተፈናቃዮቹ ሰፈር ከሺንሺቾ ወጣ ብሎ ተዳፋት ላይ ነው። ነዋሪዎቹ ከምዕራብ ተፈናቅለው የመጡ ናቸው። አያቶቻቸው ከዚህ የሄዱ፣ እነሱ ግን እዚያው ተወልደው ያደጉ። ድርጅቱ ቤት ሠራላቸው፣ የእንሰት ችግኝ ሰጣቸው፣ እንሰቱ እስኪደርስም በየወሩ ዱቄት ይሰፍርላቸዋል። በግምገማው "ራሱን ችሏል" የተባለ ቤተሰብ ዱቄቱ ይቆምበታል።

ገምጋሚዋ ከአዲስ አበባ የመጣች ወጣት ናት፤ ታብሌቷን ከእጇ አትለይም። በየቤቱ እንገባለን፣ እንቀመጣለን፣ ትጠይቃለች። መልሱ ሁሌም ያው ነው፤ "ተመስገን፣ ደህና ነን፣ ይባረኩልን።" እኔ እተረጉማለሁ፣ እሷ ታብሌቷን ትነካካለች። ከሰዓት በኋላ የራሴ ድምፅ ሰልችቶኝ ነበር።

የመጨረሻው ቤት ባሏ ሞቶባት ልጆቿን ብቻዋን የምታሳድግ ሴት ቤት ነበር። ገና ከመቀመጣችን ትኩስ ቆጮ በጎመንና በቅቤ አቀረበችልን። ገምጋሚዋ እየጎረሰች ጠየቀች።

"ባለፈው ወር ምግብ አጥሯችሁ ያውቃል?"

"ኧረ ተመስገን! ይኸው እየበላን አይደል?"

"እንሰትስ አላችሁ?"

"ጓሮው ሙሉ ነው።"

ገምጋሚዋ ደስ አላት፤ መዘገበች። እኔ ግን የጎረስኩትን ቀስ ብዬ አጣጣምኩት። ቆጮ ቀምሼ ዕድሜውን በመናገር የሚበልጠኝ ሰው እስከ ዛሬ አላገኘሁም። ያ ቆጮ ከደረሰ እንሰት ተፍቆ ጉድጓድ ውስጥ ዓመት የከረመ ነው። ስገባ ደግሞ ጓሮዋን አይቻለሁ፤ እንሰቷ ከጉልበቴ አያልፍም፣ ለመድረስ ገና ዓመታት ይቀሩታል።

ስንወጣ እንደ ወጉ ልትሸኘን መንገድ ድረስ አብራን መጣች። ገምጋሚዋ ወደ መኪናው ቀደም ስትል፣ እኔ ጉልበቴን ሰበብ አድርጌ ኋላ ቀረሁ።

"ልጄ፣ ቆጮው የማን ነው?"

ሳቀች። "ምነው አባባ፣ አልጣፈጠም?"

"ጣፍጧል። ያንቺ ስላልሆነ ነው የጣፈጠው።"

ነጠላዋን ወደ አፏ ሳበች። "የጎረቤቴ ነው። እንግዳ ባዶ አፉን ይሂድ?"

"ዱቄቱን እኮ ሊያቆሙብሽ ነው።"

"ታዲያ ቤቴ ገብተው ከተቀመጡ በኋላ ራበኝ ልበላቸው? የአያቴ አገር ሰው ልመናዬን እንዲሰማ ነው የመጣሁት?"

መኪናው ውስጥ ነገሩን ለገምጋሚዋ አስረዳኋት። "አባባ፣ መልሷን የተረጎሙልኝ እርስዎ ነዎት" አለችኝ።

"ተርጉሜያለሁ፤ ከእኔ የተሻለ የሚተረጉምልሽም የለም። ግን ቤቷ ተቀምጠን፣ ያቀረበችውን እየዋጥን፣ ተርበሻል ወይ አልናት። እናትሽ ብትሆን ምን ትመልስ ነበር?"

ገምጋሚዋ ፈገግ አለች። "እናቴማ 'ብዪ እንጂ፣ ምን ሆነሽ ነው የማትበዪው' ብላ ትቆጣኝ ነበር።" ከዚያ ታብሌቷን ጭኗ ላይ ደፋችው። "ሌሎቹም ቤቶች እንዲሁ ናቸው ማለት ነው? ሁሉንም እንደገና እንጠይቅ ነው የሚሉኝ?"

ጉልበቴ አይሆንም ይለኝ ነበር። አፌ ግን "አዎ፣ ነገ፣ ከአጥር ውጪ፣ ቆመን፣ ምንም ሳንቀምስ" አለ።

በማግስቱ የደረሰብኝን ስድብ በነጋዴነቴ ዘመን ሁሉ ሰምቼው አላውቅም። "ግቡ" ይሉናል፣ "አንገባም" እላለሁ። አንድ ሽማግሌ "ትናንት ቅቤዬን ልሰህ ዛሬ ደጄን ተጸየፍክ?" አለኝ። አንዲት አሮጊት "ይሄ ሰውዬ ቀራጭ ነው እንዴ፣ አጥር ላይ የሚንጠለጠል?" ብላ ጎረቤቶቿን አሳቀችብኝ። ስድቡ ካለቀ በኋላ ግን ሰው አጥሩን ተደግፎ እውነቱን ይናገር ጀመር። ቤቱ ውስጥ የሚያፍርበትን ውጪ ቆሞ ይናገረዋል። ይህን ማንም አላስተማረኝም፤ ራሴ ነኝ ያወቅሁት።

ሴትዮዋ ጋ ስንደርስ ፀሐዩ ከሯል። "ግቡ" አለች። አልገባንም። ደግማ "ግቡ እንጂ አባባ፣ ፀሐይ ላይ?" አለች። አሁንም አልገባንም። ያኔ ገባት። እጇን አጥሩ ላይ አድርጋ፣ መሬት መሬት እያየች መለሰች።

"ዱቄቱ ወር አይደርስም። ሲያልቅ ልጆቹን አስተኛቸዋለሁ፤ የተኛ አይጠይቅም።"

እየተረጎምኩ ድምፄ ተሰበረ፤ በዕድሜዬ አሳብቡልኝ። ገምጋሚዋ የትናንቱን መልስ አጥፍታ አዲሱን ጻፈች። ሴትዮዋ መንገድ ድረስ አልሸኘችንም።

ዱቄቱ አልቆመባትም። የሠራሁት ትክክል እንደሆነ አውቃለሁ፤ ሌላ ሰው ቢላክ ኖሮ ቆጮውን በልቶ፣ መርቆ ይሄድ ነበር።

አሁንም ወደ ሺንሺቾ ገበያ ስወጣ በዚያ ሰፈር አልፋለሁ። ያ ሽማግሌ እየሰደበኝም ቢሆን ያስገባኛል። የአሮጊቷም ቤት እንግዳ ነኝ። ሴትዮዋ እንሰቷን ስትኮተኩት አገኛታለሁ፤ ቅጠሉ አሁን ወገቧ ደርሷል። ቀና ትላለች። "ደህና ዋሉ አባባ" ትለኛለች፣ በአክብሮት። ከዚያ ተመልሳ ወደ ኩትኳቶዋ ታጎነብሳለች።

ግቡ አትለኝም። ዳገቱ ከደጇ ነው የሚጀምረው። አጥሯን ይዤ ትንፋሼ እስኪመለስ ትንሽ እቆማለሁ፤ ከዚያ ዳገቱን እወጣለሁ።