የሐጃ ሩቂያ ነጭ ጨርቅ

ነገሩን ባሰብኩ ቁጥር እስካሁን ሰውነቴን ውርር ያደርገኛል፤ ወላሂ። እኔ ቡርቱካን፣ መርሳ ከተማ ላይ ልብስ ሰፊ ነኝ። ሐጃ ሩቂያ ደግሞ ከሱቄ ፊት ለፊት ሽንኩርት ይቸረችራሉ። ሚዛን ላይ አንድ ራስ ሳይጨምሩ አይሸጡም፤ የሚነዘንዛቸውን ገዢ ግን ገና አፉን ሳይከፍት ያባርሩታል። ልጅ አልወለዱም። የሟች ወንድማቸውን ልጅ ሀስናን ከሕፃንነቷ አሳድገው፣ ይኸው ወልድያ ልከው ሕክምና ያስተምራሉ።

ሀስና ዘንድሮ ከክፍል ወጥታ ሆስፒታል በሽተኛ ማየት ልትጀምር ነው። ለዚህ ደግሞ ነጭ ጋውን ግድ ነው። አንድ የተሰፋ ገዝታ ነበር፤ ስስ ናይለን፣ ከስር የለበስሽውን ቁልጭ አድርጎ የሚያሳይ። አስተማሪዋ አየውና ሰኞ ደህና ጋውን ካልለበስሽ በሽተኛ ፊት አትቀርቢም አላት። ቅዳሜ እያለቀሰች መጣችብኝ። ወፍራም ነጭ ጥጥ የሚባል ከወልድያ እስከ መርሳ የለም፤ ጓደኞቿ ቀድመው ጠራርገው ወስደውታል። ነጋዴው ከደሴ እስኪመጣልኝ ጠብቂ ይላል። አቡጀዲ እንደሆነ ሞልቷል፤ ግን እሱም ያው ስስ ነው። እኔም ብሽቅ ብዬ፣ ጨርቅ ከሰማይ አላወርድልሽ ነገር ብዬ ሸኘኋት። ምን ላድርግ፣ አፌ እንዲህ ነው።

እሁድ ጠዋት ሐጃ ሩቂያ አንድ የታጠፈ ነጭ ጨርቅ ይዘው መጡና በዚህ ስፊላት አሉኝ። ስዘረጋው የካፉር ሽታ፣ ያ ለሬሳ የሚደረገው፣ አፍንጫዬን መታኝ። እጄ እዚያው ቀረ። ይህን ጨርቅ ሰፈሩ በሙሉ ያውቀዋል። ሐጅ የሄዱ ጊዜ ከመካ ያመጡት፣ በዘምዘም ውሃ የነከሩት፣ ሲሞቱ እንዲገነዙበት ሳጥን ውስጥ ያኖሩት ነው።

«ሐጃ፣ ይኼ እኮ የአንቱ ከፈን ነው» አልኳቸው።

«ለመቃብር አቡጀዲ ይበቃኛል። ቁረጪው።»

ከፈን ደግሞ አይሰፋም። ሬሳ እንዲሁ ይጠቀለልበታል እንጂ እንደ ልብስ በመኪና አይገጣጠምም። ስንቱን ሙሽራ ያለበስኩ ሴትዮ መቀሱን ይዤ እንደ ጀማሪ ሦስቴ ለካሁት። ቢስሚላህ ብዬ ቆረጥኩት። እሳቸው አጠገቤ ተቀምጠው ያያሉ። ቅር ብሏቸው እንደሆነ ብዬ ፊታቸውን ደጋግሜ አየሁ፤ ምንም የለም። እንዲያውም ኪሱን ሰፋ አድርጊው፣ ብዙ ዕቃ ትይዛለች አሉኝ።

የከሰዓቱ የአስር ሶላት ሲቃረብ ሀስና ልትለካ መጣች። እጇን እጅጌው ውስጥ ከማስገባቷ ሽታው ነገራት። ያንን ሳጥን በየዓመቱ አብራቸው የምታናፍሰው እሷ ናት። አወለቀችና ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠችው። ይህንንስ አልለብስም፣ ትምህርቱም ይቅርብኝ አለች። ጨርቁ አንዴ ተቆርጧል፣ ወደ ከፈንነቱ አይመለስም፤ ልጅቷ ካልለበሰችው ደግሞ የስንት ዓመት ልፋት ገደል ገባ ማለት ነው።

ሐጃ ሩቂያ አልተቆጡም። ጋውኑን አንስተው ወደ እሷ ዘረጉላት።

«እኔ አንድ ቀን ነበር የምለብሰው፤ ያውም ሳላየው» አሏት። «አንቺ ግን ስትለብሽው አይሻለሁ።»

ሀስና ድምፅ ሳታሰማ እያለቀሰች እጇን ሰጠቻቸው። ራሳቸው አለበሷት፤ ቁልፉንም ከላይ እስከ ታች አንድ በአንድ ቆለፉላት። የገዛ ከፈኑን በገዛ እጁ ለሌላ የሚያለብስ ሰው ሳይ ያ የመጀመሪያዬ ነው፤ ሱብሃነላህ። ከዚያ ዙሪ ብለው ጀርባዋን አዩና፣ ወገቡ ሰፍቷል፣ አስገቢው አሉኝ። እንባዬን እየጠረግኩ አስገባሁት።