የተፈረመበት ድምፅ

በአሜሪካ ሰው በምርጫ ምክንያት አይታሰርም ይባላል። ይታሰራል፤ አብሬው ታስሬአለሁ። መከራ ሰውን ያፋቅራል የሚባለውም እንዲሁ ሐሰት ነው። ይህን የሚሉ ሰዎች ወይ ታስረው አያውቁም፣ ወይ ታስረው ሳሉ የሠሩትን ረስተዋል። እኔ አልረሳሁም። ሞክሬ ነበር።

በአገሬ ሁለት ጊዜ ታስሬአለሁ፤ ሁለቱንም ጊዜ ስለ ምርጫ በጻፍኩት ጽሑፍ። ስለዚህ ኮሎራዶ ውስጥ ያለችው አውሮራ ስደርስ ራሴን የእስር ቤት ሊቅ አድርጌ እቆጥር ነበር። ጥገኝነት ጠይቄ ውሳኔ እስካገኝ ያስገቡኝ ሕንፃ በመጋዘኖችና በጭነት መኪና ማቆሚያዎች መሃል የቆመ፣ ከውጭ ለሚያየው የፍሪጅ መሸጫ የሚመስል ነው። ውስጡም ፍሪጅ ነው። ክፍላችን ስምንት አልጋ፣ ከወለሉ ጋር በብሎን የታሰረ ጠረጴዛ፣ ጣሪያው ሥር የተሰቀለ ቴሌቪዥንና እስከ ወገብ ብቻ የሚጋርድ ግንብ ያለው ሽንት ቤት ነበረው። የወለል ማጽጃው ሽታ ዓይን ያቃጥላል። አልጋዬ ከሽንት ቤቱ አጠገብ ሆነ፤ አዲስ ገቢ የሚተኛው እዚያ ነው። ይህ ሕግ በሦስቱም እስር ቤቶቼ አንድ ነበር። ማን ከማን እንደተማረው አላውቅም።

ከሁለት ወር በኋላ አንድ ሽማግሌ ገቡና ከዚያ አልጋ ገላገሉኝ።

ረጅም ናቸው፤ የሰማያዊው የእስረኛ ልብስ እጅጌ ክርናቸው ላይ ቀርቷል። በሩ ላይ ቆመው ለሁላችንም በአማርኛ “እንደምን ዋላችሁ” አሉ። ከሰባታችን አማርኛ የምንሰማው እኔና የአውሮራው የታክሲ ሾፌር ብቻ ነበርን። ሌሎቹ ከሆንዱራስ፣ ከሜክሲኮና ከህንድ የመጡ ናቸው፤ ቀና ብለውም አላዩዋቸው። ፍራሻቸውን ሲያነጥፉ ቀርቤ፣

“ምን አጥፍተው ነው አባባ?” አልኳቸው።

“መረጥኩ።”

“ምን መረጡ?”

“ገዥ።”

ሾፌሩ ከላይኛው አልጋ ላይ ሆኖ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። እሳቸው ግን አንሶላቸውን ማስተካከል ቀጠሉ።

ታሪካቸውን በሦስት ቀን ውስጥ ሰማሁ። ሚስታቸው ስትሞት ትንሿን ልጃቸውን በስድስት ዓመቷ ዴንቨር ላለች አክስቷ ሰጡ። ልጅቱ አድጋ ዜግነት ስታገኝ አባቷን አስመጣች። ሽማግሌው ኤርፖርት ውስጥ ዊልቸር መግፋት ጀመሩ። መንጃ ፈቃድ ሲያወጡ የተሰጣቸው ቅጽ ላይ ለነበረው ጥያቄ ሁሉ “አዎ” የሚለውን ምልክት አደረጉበት፤ ቢሮ ውስጥ “አይ” ያለ ሰው ፋይሉ እንደሚጠፋ ከወጣትነታቸው ጀምሮ ያውቃሉ። ከጥያቄዎቹ አንዱ በመራጭነት ልመዝግብህ ወይ የሚል ነበር።

ኮሎራዶ ውስጥ ለመምረጥ ወረፋ የለም። ወረቀቱ በስምህ እቤትህ ድረስ በፖስታ ይመጣል፤ ትሞላለህ፣ ፖስታው ላይ ትፈርማለህ፣ መንገድ ዳር የቆመ ሳጥን ውስጥ ትጥላለህ። ከዜጋ በቀር ማንም እንዳይመርጥ ይከለከላል፤ ክልከላውም እዚያው በእንግሊዝኛ ተጽፏል። ሽማግሌው ግን ዕድሜያቸውን የኖሩት የምርጫ ወረቀት ግብዣ ባልሆነበት አገር ነው። በሰፈራቸው ያልመረጠ ሰው ስሙ ይያዝ ነበር፤ ስሙ የተያዘ ሰው ስኳርና ዘይት ሊወስድ ቀበሌ ሲሄድ “አልቋል” ይባላል። “ስሜን ጽፈው እቤቴ ድረስ ልከውልኝ፣ ማን ነኝና እምቢ እላለሁ?” አሉኝ። እንደ ትእዛዝ ተቀበሉት፤ እንደ ትእዛዝም ፈጸሙት። ለገዥው፣ ለክፍለ ግዛቱ ጸሐፊ፣ ለገንዘብ ያዡና ለጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ፣ ለአራቱም መዝገበ ቃላት ይዘው ሁለት ሳምንት አጥንተዋል። እኔ በዕድሜዬ ስለ ምርጫ ሁለት መጽሐፍ የሚወጣው ጽሑፍ ጽፌ አንድ ቀን እንኳ መርጬ አላውቅም ነበር። በመርሕ። 

ከዚያ ለዜግነት አመለከቱ። የዜግነት ፈተናውን መቶ ጥያቄ በቃላቸው ይዘው ለኢንተርቪው ቀረቡ። ጠያቂዋ “የክፍለ ግዛትዎ ገዥ ማን ነው?” አለቻቸው። ስሙን ተናገሩ። ትክክል ነበር። ከዚያ ማንም ሳይጠይቃቸው፣ ደስ ብሏቸው፣ “እኔም መርጬዋለሁ” አሉ።

ሴትዮዋ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ከጥቂት ወራት በኋላ ለሥራ ሲወጡ የኢሚግሬሽን ፖሊሶች ከመኪናቸው በር ላይ ወሰዷቸው።

“ክቡር ገዥ” የሚለውን ስም ያወጣሁላቸው እኔ ነኝ። ለሌሎቹ በእንግሊዝኛ ተረጎምኩላቸው፤ እስረኛ ስም ሲያገኝ ሥራ ያገኘ ያህል ነው፣ በአንድ ቀን ክፍሉ ሁሉ “ገቨርነር” ይላቸው ጀመር። ወደ ሽንት ቤት ሲሄዱ አጃቢ እንሰጥዎ ወይ እንላለን። ምሳ ሲመጣ ሾፌሩ “ክቡር ገዥ፣ ባቄላው ላይ አስተያየት ይስጡበት” ይላል። ፈገግ ይላሉ። አለመቆጣታቸው ያናድደኝ ነበር።

ለማስታወስ የማልፈልገው ቀን እንግዲህ የኖቬምበር ማክሰኞ ነው። ዓመቱ በፈረንጆቹ 2018፤ ኮሎራዶ ለእነዚያው አራት ሹመቶች እንደገና የምትመርጥበት ቀን። የሽማግሌው ፍርድ ቤት ቀጠሮ በማግሥቱ ረቡዕ ነበር። ለዳኛው የሚሰጥ የጽሑፍ ቃል ማክሰኞ አሥር ሰዓት ላይ ተሰብሳቢ ሲሆን፣ በእንግሊዝኛ የምጽፍላቸው እኔ ነበርኩ።

ጠዋት ከልጃቸው ጋር በስልክ ተነጋገሩ። ስልኩ ግድግዳ ላይ ስለሆነ ሁሉም ይሰማል። ልጅቱ እንግልውድ ባለ ሆስፒታል በረዳትነት ድርብ ሽፍት እየሠራች ነርስነት ተምራ፣ ፈቃዷን ልትቀበል አንድ ወር ቀርቷት ነበር። ያን ፖስታ ሳጥን ውስጥ የጣለችው እሷ ናት። አባቷ ሰጧት፣ ሳታየው ወስዳ ጣለችው።

“አባዬ፣ ፕሊስ፣ በኔ አላክክ” ትላለች። “እሷ ናት የሞላችው፣ እሷ ናት ሳይን ያደረገችው በል። እኔን ምንም አያደርጉኝም፣ አይም ኤ ሲቲዝን።”

ስልኩን ሲዘጉ እኔም ያንኑ መከርኳቸው። ምናልባት ዳኛው ያምናል፣ ምናልባት ይለቅዎታል አልኳቸው። ወንጀል ሆኖ የነርስነት ፈቃዷን ቢያስከለክላትስ ሲሉ፣ ስለ ፈቃዷ ኋላ ይታሰባል አልኩ። ስለ ፈቃዷ የማውቀው ነገር አልነበረም፤ ግድም አልነበረኝም። ጽሑፉ ቆንጆ ይሆንልኝ ነበር።

“ላስብበት” አሉ።

ከቀትር በፊት ሽንት ቤቱ ሞልቶ ፈሰሰ። ውሃው እስከ እሳቸው አልጋ እግር ደረሰ። ማን ያጽዳ በሚለው ሾፌሩና የሆንዱራሱ ሰው ለመያያዝ ተቃረቡ። ጠባቂው መጥቶ በሩ ላይ ቆመ። ደረቱ ላይ “መርጫለሁ” የሚል ክብ ስቲከር ለጥፏል። በጠባዩ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ሥራው ሰልችቶት ነበር። አይቼው አፌ አላረፈም። ዛሬ የምርጫ ቀን አይደል፣ ለምን አንመርጥም፣ ደግሞም ልምድ ያለው መራጭ አለን አልኩት። 

ጠባቂው ወደደው። ከማስታወሻ ደብተሩ አንድ ገጽ ቀድዶ ለስምንት ከፈለው፤ አንዲት የእርሳስ ጉማጅ ሰጠን። እሳቸው ምን እንደሆነ ጠየቁኝ። ሽንት ቤቱን የሚያጸዳ ሰው እየመረጥን ነው፣ የሚፈልጉትን ሰው ስም ይጻፉ አልኳቸው። ራሳቸውን ነቅንቀው እርሳሱን ተራቸው እስኪደርስ ጠበቁ። ከሁላችንም ረዥም ጊዜ የወሰዱት እሳቸው ናቸው። ወረቀታቸውን አራት ጊዜ አጥፈው በሁለት እጃቸው ለጠባቂው ሰጡት።

ጠባቂው በሬዲዮ አንባቢ ድምፅ ይቆጥር ጀመር። “ገቨርነር።” ሳቅ። “ገቨርነር።” ሳቅ። ሰባት ጊዜ። አንዱ የኔ ነበር፤ በትልልቁ ጽፌዋለሁ። ስምንተኛውን ከፍቶ ገለበጠው፣ ለኔ አቀበለኝና ምን እንደሚል ጠየቀኝ።

በአማርኛ የተጻፈ ነው። የራሳቸው ስም ነበር፣ ከነአባታቸውና ከነአያታቸው። ከሥሩ ፈርመዋል።

እንግሊዝኛውን ለጠባቂው ነገርኩት። ራሱን መረጠ ብሎ ሳቀ። ሌሎቹም ሳቁ፤ ሾፌሩ ግን ወረቀቱን ከእጄ ወስዶ ካነበበ በኋላ አልሳቀም።

“ለምን አባባ?” አልኳቸው። “ከፈለጉ የኔን ስም መጻፍ ይችሉ ነበር።”

“በማን ልፍረድ?” አሉ። ከዚያ የጠባቂውን እጅ፣ በውስጡ ያለውን የወረቀት ክምር አመለከቱ። “ያንን ሰባቱን ጣሉት። አልተፈረመበትም። ያልተፈረመበት አይቆጠርም ይላል ፖስታው ላይ። የኔ አንዱ ይበቃል።”

ሱሪያቸውን እስከ ጉልበታቸው ሰበሰቡ፣ መጥረጊያውንና ባልዲውን ወሰዱ። አንድ ሰዓት ያህል ፈጀባቸው። ማንም አላገዛቸውም። እኔ አልጋዬ ላይ ሆኜ ቴሌቪዥን አየሁ፤ ሰዎች በየመንገዱ ከመኪና ሳይወርዱ ፖስታ ሳጥን ውስጥ ይጥላሉ። ሾፌሩ በመጨረሻ ወርዶ ባልዲውን ተቀበላቸው። እኔ አልወረድኩም። ማፈር ሰውን ይለውጣል የሚሉም አሉ፤ እኔን አልጋ ላይ አስቀረኝ።

እጃቸውን ሦስት ጊዜ በሳሙና ታጥበው ጠረጴዛው ጋ መጡ።

“ጻፍ” አሉኝ። “ወረቀቱን የሞላሁት እኔ ነኝ። የፈረምኩትም እኔ ነኝ። መከልከሉን አላወቅኩም፤ ባውቅ አላደርገውም ነበር።”

“አባባ፣ ይህን ካሉ ወደ አገር ይመልሱዎታል። ልጄ ናት የፈረመችው ይበሉ።”

“ልጄ ፊደል አትቆጥርም” አሉ። “ፊርማዬ በአማርኛ ነው። ብትቆጥርም አልልም።”

ሦስቱን ዓረፍተ ነገር ጻፍኩ። አስዋብኩት፣ ስለ ቀበሌውና ስለ ስኳሩ አንድ ገጽ ጨመርኩ። ሳነብላቸው በትዕግሥት ሰሙኝና ያ ሁሉ የማን ነገር ነው አሉኝ። ቀደድኩት። ሦስቱ ብቻ ቀሩ። ፈረሙበት።

በማግሥቱ ጠዋት ጠባቂው ስማቸውን ሲጠራ ቴሌቪዥኑ የምርጫውን ውጤት እየተናገረ ነበር። በሩ ላይ ደርሰው ወደኔ ዞሩ።

“ማን አሸነፈ?”

የአዲሱን ገዥ ስም ነገርኳቸው።

“መልካም ሥራ ይሁንለት” ብለው ወጡ።

ፍርድ ቤቱ እዚያው ሕንፃ ውስጥ ስለሆነ ለምሳ ተመለሱ። ጉዳያቸው አልቋል። ከአምስት ሳምንት በኋላ ዊልቸር ይገፉበት በነበረው ኤርፖርት በኩል ወደ አገራቸው አሳፈሯቸው። የሥራ ባልደረቦቻቸው አይተዋቸው እንደሆነ አላውቅም። እኔ ጥገኝነት አግኝቼ በጸደይ ወጣሁ።

አሁን ዴንቨር፣ ፓርክ ሂል ሰፈር እኖራለሁ። በቅርቡ ለዜግነት ኢንተርቪው ቀርቤ ነበር። የክፍለ ግዛቴ ገዥ ማን እንደሆነ ተጠየቅሁ፤ ስሙን ብቻ ተናግሬ አፌን ዘጋሁ። ቆይቶ ሰውዬው በዚህ አገር በየትኛውም ምርጫ መርጠህ ታውቃለህ ወይ አለኝ። አላውቅም አልኩ። ሕጉ ለጠየቀው እውነቱን መልሻለሁ። ሌላውን ደግሞ እኔ አውቀዋለሁ፤ በዚህ አገር አንድ ጊዜ መርጬአለሁ፣ አልፈረምኩበትም።

ልጅቱን አንዳንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አገኛታለሁ። ነርስ ሆናለች። የአባቷን ስም ከፖስታ ሳጥኗ አላነሳችም። “በስሙ የሚመጣውን ሁሉ ኦፕን አደርጋለሁ” አለችኝ፣ “የፒዛ ኩፖኑን ሳይቀር። አሁን ጊዜ አለኝ።” ለአንተ የምለው አለኝ። ይህን እስከዚህ ካነበብክ ጊዜ አለህ ማለት ነው። ስልኩን አስቀምጥና አባትህ ቤት ሂድ። ፖስታቸውን ክፈትና አንድ በአንድ አንብብላቸው።