ያልተነሳው ላፕቶፕና የእህቴ ፎቶ

ሰቆጣ ላይ ፎቶ ቤት ያለው ሰው ኮምፒውተሩን አይዘጋም። መብራት መቼ እንደሚሄድ አይታወቅም፤ ስለዚህ ባትሪው ሳያልቅ ሃይበርኔት እናደርገዋለን። የተከፈተው ሥራ እንዳለ ይቀመጥና መብራት ሲመጣ ካቆምንበት እንቀጥላለን። እኔማ ሴቭ ማድረግ ከተውኩ ቆይቻለሁ። ደንበኛ ሲጨነቅብኝ "አይጠፋም፣ ተኝቷል" እለዋለሁ።

ታናሽ እህቴ ዓረብ አገር ሰው ቤት ስትሠራ ሞተች። ሬሳዋ አልመጣም። እኛ ዘንድ ሬሳ ከሌለ ልብሱና ፎቶው ወጥቶ ይለቀሳል፤ የመርዶዋ ዕለት ፎቶ ስላልነበረን በቀሚሷ ብቻ አለቀስንላት። ለአርባዋ ግን ትልቅ ፎቶ አደርሳለሁ አልኩ። ፈልገን ያገኘነው አንድ ነው፣ ሠርግ ላይ የተነሳችው፤ እሱም ላይ ዓይኗን ጨፍናለች። ሌላውን ሁሉ በስልኳ ይዛው ሄዳለች።

ስለዚህ የራሴን ዓይን ፎቶ አንስቼ ፊቷ ላይ አስገባሁት። እህትማማቾች ነንና እንመሳሰላለን፤ ቅንድቡን ትንሽ ማሳሳት ብቻ ነበር የቀረኝ። ስሠራው ምንም አልተሰማኝም፣ የደንበኛ ፎቶ የማስተካክል ያህል ነበር። መብራት ሲሄድ እንደ ልማዴ አስተኛሁትና ወጣሁ።

በማግስቱ ጠዋት እናቴ ፎቶውን ልትወስድ ከገጠር፣ ከእኛው ዝቋላ ወረዳ መጣች። ላፕቶፑን ከፈትኩት። ማራገቢያው ይዞራል፣ ስክሪኑ ጥቁር ነው። ማብሪያውን ተጭኜ አጠፋሁና ደግሜ አበራሁት። ባትሪውን አወጣሁ። ሜሞሪውን ነቅዬ፣ ቆሻሻ ይዞት እንደሆነ ብዬ ጥርሱን በላጲስ ፈትጌ መለስኩት። ስክሪኑ ሥራውን እየመለስኩ ነው ይልና ተመልሶ ይጨልማል። በመጨረሻ የተቀመጠውን ሥራ አጥፍቼ እንደ አዲስ ልነሳ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ላጥፋ ወይ ማለቱን ያውቅበታል፤ ላድንልሽ ወይ የሚል ምርጫ የለውም።

"ምን አለ?" አለችኝ እናቴ፣ በሩ አጠገብ ካለው አግዳሚ ላይ ሆና።

"ቆዪ እናቴ፣ እየመጣ ነው።"

ተዝካሩ ነገ ነው፣ መንገዷ ሩቅ ነው፣ መብራቱም ሊሄድ ይችላል። አጥፋ የሚለውን ተጫንኩ። ላፕቶፑ ምንም እንዳልሆነ ሰው ተነሳ። የሠራሁት ዓይን የለም። እንደገና ልሥራው ብል ጊዜም አልነበረኝ፣ እጄም እምቢ አለኝ። ፍላሽ ላይ የነበረውን ያንኑ የጨፈነችበትን ፎቶ አሳድጌ አተምኩት። እንኳን ማልቀስ፣ መናደድም አቃተኝ።

"ዓይኗን ልከፍትላት ነበር፤ ጠፋብኝ" ብዬ ሰጠኋት።

ፎቶውን ጭኗ ላይ አስቀምጣ ብዙ አየችው። ከዚያ መዳፏን ፎቶው ላይ ካለው የእህቴ ግንባር ጀምራ ቀስ ብላ በተጨፈኑት ዓይኖቿ ላይ ወደ ታች አሳለፈችው።

"ተይው" አለችኝ በኽምጣንጋ፤ ሲከፋት አማርኛው ይጠፋባታል። "ዓይኗን ማን ከደነላት እያልኩ ነበር እንቅልፍ ያጣሁት።"