ግድግዳ ያደረግናት ልጅ

መጽሐፎቹን ለልጄ የሰጠኋት እኔው ራሴ ነኝ። ይሄን አስቀድሜ ልናገርና ይውጣልኝ፤ ኋላ ጥፋቱን በደራሲው ላይ ማላከክ እንዳያምረኝ።

ሰባት ናቸው፤ ስለ አንድ ትምህርት ቤት ልጆች የሚያወሩ ቀጫጭን ተከታታይ መጻሕፍት። አባቴ ከሌላ ክፍለ ሀገር ተመድቦ የመጣ መምህር ነበር። ያኔ ከተማችንን ጭሮን ሁሉም አሰበ ተፈሪ ነበር የሚላት። ክረምት ዘመድ ጥየቃ አዲስ አበባ ደርሶ በተመለሰ ቁጥር አንድ አንድ ያመጣልኛል፤ እኔም እስክሸመድደው አነበዋለሁ። ጀግናው ቀጭን፣ ብልጥ ልጅ ነው። ጉልበተኛው ደግሞ በሰባቱም መጽሐፍ ያው ነው፤ ከእድሜው በላይ ትልቅ፣ ክፍል የደገመ፣ ከገጠር የመጣ፣ ቁምጣው የተጣፈ። ይማታል፣ እርሳስ ይቀማል፣ መጨረሻ ላይ ይዋረዳል። እሱ በተዋረደ ቁጥር እኔ በሳቅ ፍርስ እል ነበር።

ዘንድሮ ልጄ ስድስተኛ ክፍል ነች። መስከረም አልፎ ብዙም ሳይቆይ አንድ ቀን ክንዷ በልዞ መጣች። ምን ሆነሽ ብዬ ባፋጥጣት፣ ከመቻራ መጥታ አክስቷ ጋር የምትኖር አንዲት ትልቅ ልጅ እስክሪብቶዋን ቀምታ እጇን እንደጠመዘዘቻት ነገረችኝ። ደሜ ፈላ። እኔ እንደሆን ቁጣ ሲመጣብኝ ጫማ ማድረግም እረሳለሁ፤ በነጠላ ጫማ በር ላይ ደርሼ ነበር። ልጄ ቀሚሴን ይዛ፣ «እማዬ በናትሽ እንዳትመጪ፣ ይስቁብኛል» ስትለኝ ተመለስኩ። ተመልሼም ምን አደረግሁ? ሣጥን ከፍቼ ሰባቱን መጻሕፍት አወጣሁላትና፣ «እንኪ፣ አንብቢ። ብልጥ ልጅ በእጁ አይጣላም» አልኳት።

ጥቂት ሳምንት እንዳለፈ እየዘለለች መጣች። «እማዬ፣ አሸነፍናት!»

«ማንን?»

«ያቺን ነዋ!»

አራተኛውን መጽሐፍ ነው በሥራ ላይ ያዋለችው። እዚያ ላይ ክፍሉ ሁሉ ይማማልና ጉልበተኛውን ማናገር ያቆማል። ሲናገር አይሰሙትም፤ መንገድ ላይ ቢቆም እንደሌለ አድርገው ያልፉታል። «ግድግዳ» ይሉታል። እሱን ያናገረ እሱም ግድግዳ ይሆናል። ልጄ ታሪኩን በእረፍት ሰዓት ለክፍሏ ልጆች አውርታላቸው፣ ያልገባቸው ካለም በኦሮምኛ ደግማላቸው፣ ሁሉንም አስምላቸዋለች።

«እስከ መቼ ነው?» አልኳት።

«እስክታለቅስ።»

«አለቀሰች?»

«ገና ነች።»

«ጎሽ! የኔ አንበሳ!» አልኳትና ግንባሯን ሳምኳት። አፌን በቆረጠው! የዚያን ቀን የምትወደውን ማካሮኒ ሠራሁላት፤ ሁለት ሳህን በላች።

እኔ ጤና ጣቢያ ነርስ ነኝ። ከዚያ ወዲያ ባለው ሳምንት፣ የክትባት ቀን ሆኖ ሕፃን ሁሉ በሚያለቅስበት ሰዓት፣ አንዲት ሴትዮ ትልቅ ልጃገረድ ይዛ ገባች። «ጆሮዋን ነው መሰለኝ» አለችኝ። «ስጠራት አትሰማም። ምን ሆንሽ ስላት ደግሞ፣ ሰው አይሰማኝም ትላለች። ሼህ ጋር ወስጄ ቁርኣንም አስቀርቼላት ነበር፤ ለውጥ የለም።» ካርዷ ላይ የተጻፈው የጭሮ ቀበሌ ስለሆነ ከየት መጣሽ ብዬ አልጠየቅሁም። ከኋላዬ ሰልፉ ይጮሃል።

ጆሮዋን በመብራት አየሁት፤ ንጹህ ነው። ከኋላዋ ቆሜ ቁጥር አንሾካሾክሁላት፤ ሰባት፣ አስራ ሁለት፣ ሠላሳ። አንድም ሳትስት መለሰችልኝ። እጆቿ ትላልቅ ናቸው፤ ጭኗ ላይ አጣጥፋ እንደ ሰው እቃ ትጠብቃቸዋለች። ልትወጣ ስትል በሩ ላይ ቆመችና፣ «ሲስተር፣ ድምፄ ይወጣል?» አለችኝ።

«ምን ማለትሽ ነው? ይወጣል እንጂ!» አልኩና ሳቅሁ።

«ውጭም ይሰማል?»

«አንቺ ልጅ፣ ሥራ አታስፈቺኝ!» አልኳት። ለሴትዮዋ ቪታሚን ሰጥቼ፣ «ጆሮዋ ደህና ነው። አመል ነው፣ እድሜዋ ነው፣ ይተዋታል» ብዬ ሸኘኋቸው። ሴትዮዋ መርቃኝ ሄደች። እኔ ደግሞ በምሳ ሰዓት ለጓደኞቼ እንደ ቀልድ አወራኋት። ድምፄ ይወጣል ወይ የምትል ልጅ መጣችብኝ ብዬ፣ ሳቅን።

ረቡዕ ዕለት ልጄ ወላጅ አምጪ ተብላ ወረቀት ይዛ መጣች። በማግስቱ ፈቃድ ጠይቄ ሄድኩ። መንገዱን ሁሉ ያሰላሰልኩት ማንን እንደምጮህበት ነው፤ ያቺ ልጅ ደግማ ነክታታለች ብዬ ነው። የክፍሉ ኃላፊ ወጣት መምህር ነው፤ ቀድሞኝ ወንበር ሳበልኝ። መምህር ወንበር ከሳበ ነገሩ ደህና አይደለም።

«ሲስተር፣ የመቻራዋ ተማሪዬ ከቀረች ስድስት ቀኗ ነው» አለኝ። «ልጆቹ ግድግዳ ይሏት እንደነበር የሰማሁት ትናንት ነው። የጀመረችውም የእርስዎ ልጅ ነች።»

«ልጄ እኮ ተመትታለች! ክንዷን ቢያዩት...»

«አውቃለሁ። ያቺም ትማታለች፤ ቀጥቻታለሁ። ይሄኛው ግን ከመማታት ይበልጣል። ሦስት ሳምንት ሙሉ አርባ ስምንት ልጅ አንድም ቃል አልመለሰላትም። እኔም አላየሁም፤ ክፍሉ ጸጥ አለልኝ ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር።» ብሎ ቀጠለ። «ቤቷ ሄጄ ነበር። አክስቷ ጆሮዋን ታማለች ብላ ጤና ጣቢያ ወስዳት፣ የጤና ጣቢያዋ ሲስተር አመል ነው ብላቸዋለች። ስለዚህ ቅዳሜ ወደ አባቷ ሊመልሷት ነው፤ ቡና የሚጭን አይሱዙ ተገኝቷል። ሰኞ ደግሞ የስድስተኛ ክፍል ፈተና ምዝገባ ይዘጋል። አሁን መቻራ ከገባች ቡና ለቀማ፣ ቀጥሎ ባል ነው። ትምህርቷ አከተመ።»

የትኛዋ ሲስተር እንደሆነች አልጠየቃቸውም። እኔም አልነገርኩትም። አፌ ብቻ «እንግዲህ ምን ይደረግ?» ይላል።

«ልጅዎ ሄዳ ብታናግራት ትመጣ ይሆናል። መምህር ቢለምናት ምንም አይደለም፤ ልጅ ስትለምናት ግን ይለያል።»

ቤት እንደደረስኩ አራተኛውን መጽሐፍ ይዤ ተቀመጥኩ። ከልጅነቴ ወዲህ ገልጬው አላውቅም። ለካስ ምዕራፉ አጭር ነው። መሐላው ሦስት ገጽ፣ ልቅሶውና ጭብጨባው ሁለት ገጽ። በመካከሉ ያለው ዝምታ ግን አንዲት መስመር ነች፤ «ሁለት ሳምንትም እንዲህ አለፈ» ይላል። በቃ! ልጁ በእነዚያ ሁለት ሳምንታት ቤቱ ሲገባ ምን እንዳለ፣ እንቅልፍ እንደወሰደው፣ ከራሱ ጋር እንዳወራ፣ ለምን ይማታ እንደነበር፣ ምንም የለም። እኔም በልጅነቴ ያቺን መስመር በአንድ ትንፋሽ አልፌያት ሳቅ ወዳለበት ገጽ እሮጥ ነበር።

ደግሞ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። እኛም ሞክረነዋል፤ አምስተኛ ክፍል ሳለን፣ የአንድ ነጋዴ ልጅ አላስቀምጥ ብሎን። ተማማልን፣ ዘጋነው። እሱ እቴ! ልብም አላለንም። ከሌላ ክፍል ጓደኞቹ ጋር ኳሱን ይዞ ወጣ፤ በአራተኛው ቀን እኛው ሰልችቶን ኳስ አጫውተን ብለን ለመንነው። ያኔ መጽሐፉ ዋሸ ብዬ ተናድጄ ነበር። አልዋሸም። ሰውን መዝጋት የሚሠራው ሌላ ሰው በሌለው ልጅ ላይ ነው፤ እኛ የተሳሳትነው ልጅ ስንመርጥ ነው፣ የኔ ልጅ ግን አልተሳሳተችም። ዝም አይነቅዝም ይላሉ። ዝም የተባለ ሰው ግን ይነቅዛል፤ በጆሮ መብራት አይቼ ያለፍኳት እኔ ነኝ።

ልጄን ጠርቼ ተቆጣኋት። «እንዴት በሰው ልጅ ላይ እንዲህ ትጨክኛለሽ?» አልኩ፤ ብዙ አልኩ። እስክጨርስ ጠበቀችኝና፣ «ጎሽ ያልሺኝ አንቺ ነሽ» አለች። ወዲያው ማልቀስ ጀመረች። «ካናገርኳት እኔም ግድግዳ እሆናለሁ እኮ! ሕጉን ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ ማንም አይምረኝም።»

አርብ ከትምህርት ቤት መልስ ባጃጅ ይዘን ወደ ልጅቷ አክስት ቤት ሄድን። ልጄ መንገዱን ሙሉ ጥፍሯን በላች። አክስቷ በሩን ከፍታ፣ «ኮቱ፣ ግቡ» አለችን፤ ትኩር ብላ አይታኝም ፊቷ በራ። «ሲስተር! ያኔ ያየሽልኝ አንቺ አይደለሽ? አላህ ይስጥሽ፣ ቪታሚኑን እየሰጠኋት ነው።» መሬት ተሰንጥቃ በዋጠችኝ።

ልጅቷ ወለል ላይ ተንበርክካ ልብሷን በማዳበሪያ እየከተተች ነው። ቀና ብላ አየችን፤ ሥራዋን ግን አላቆመችም። አክስቷ፣ «አብሽሪ፣ ጓደኛሽ መጥታለች» አለቻት። ልጄን በክርኔ ነካኋት።

«ይቅርታ» አለች ልጄ። ድምፅዋ የጉንዳን ያህል ነው። «እኔ ነኝ የጀመርኩት። ተመለሺ።»

ልጅቷ የያዘችውን ሹራብ አስቀመጠች። ልጄን አየቻት። ከዚያ፣ ቃሉን አንድ በአንድ እያወጣች፣ «እዚህ ሁሉም ያናግረኛል» አለች። «ሰኞስ? ክፍል ውስጥ፣ ሁሉም እያየ፣ መጀመሪያ አንቺ ታናግሪኛለሽ?»

ልጄ ቀና ብላ እኔን አየች።

ያን ጊዜ ምን እንደታየኝ እውነቱን ልናገር። ይሄን ማውራት የጀመርኩትም ለዚያ ነው። የታየችኝ ያቺ በማዳበሪያዋ አጠገብ የተንበረከከች ልጅ አይደለችም። የታየችኝ የኔ ልጅ ነች፤ ሰኞ ጠዋት በዚያ ሰፊ ግቢ መሃል፣ አርባ ስምንት ልጅ እንደሌለች እየቆጠረ ሲያልፋት፣ ቤት መጥታም እማዬ ድምፄ ይወጣል ስትለኝ። ልጄ አፏን ሳትከፍት እኔ ጣልቃ ገባሁ።

«መምህራችሁ ክፍሉን ሰብስቦ ይመክራቸዋል» አልኩ፤ ሕመምተኛ በማጽናናበት ድምፄ። «ቀስ በቀስ ሁሉም ይስተካከላል። ዋናው ነገር ትምህርትሽ ነው። ሰው ቢያናግርሽም ባያናግርሽም ተማሪ፣ ጠንካራ ሁኚ።»

ልጅቷ አየችኝ። አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። «እሺ ሲስተር» አለችና ሹራቡን አጣጥፋ ከተተችው። ከዚያ በኋላ አክስቷ ስታወራ እኔ ስመልስ ትንሽ ተቀመጥን። ስንወጣ ልጄ እጇን ዘረጋችላት፤ ልጅቷም ጨበጠቻት፤ እንደ ትልቅ ሰው።

ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ አይሱዙው በገለምሶ አድርጎ ሄደ። መምህሩ ማለዳ መኪናው ዘንድ ደርሶ እንደለመናት፣ እሷም አመስግና እንደተሳፈረች በስልክ ነገረኝ። «እንዲያው ምን አለችዎት አርብ ለት?» ብሎ ሲጠይቀኝ፣ «እምቢ አለች» አልኩት። ዋሸሁ። ሰኞ የተመዝጋቢዎቹ ዝርዝር ያለ እሷ ተላከ።

የዚያን ቀን ልጄ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ምሳዋን አልነካችም። ከአርብ ጀምሮ ስለ ነገሩ አንድም ቃል አልተነፈሰችም ነበር፤ እኔም ረስታዋለች ብዬ እግዚአብሔርን እያመሰገንኩ ነበር። ሳህኑን ላነሳ ስጠጋ ቀና ሳትል፣ «እማዬ» አለችኝ።

«ወዬ።»

«እኔ እኮ እሺ ልላት ነበር። አንቺ ቀደምሽኝ።»